አንዲት ካርታ ለመለወጥ 100 ብር መክፈል ያዋጣል?

ጉዳዩ የአንዲት እጅ ጉዳይ ነው፤ በካርታ ጨዋታ እጅ ማለት ተጫዋቹ በአንድ ዙር የሚይዛቸው ካርታዎች ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ፖከር ይጫወታል። ለጊዜው የሚጫወተው በነጻ ነጥብ ነው። ወደ ገንዘቡ ሊገባ ግን አስቧል። ድሮ ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ ስለሆነ፣ ከመግባቱ በፊት ስክሪንሾት ይዞ መጣ። “ቲቸር፣ እስቲ ይቺን እጅ ይዩልኝ። መለወጥ ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም?” አለኝ።

ጥያቄውን ወደድኩት። ብዙ ሰው የሚጠይቀው “እንዴት ነው የሚበላው?” ብሎ ነው። ለዚያ መልስ የለኝም። እሱ ግን አንዲት ውሳኔ ነጥሎ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይፈታል። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ሻይ ይዘን ቁጭ አልን። ሁለት ጓደኞቹም አብረው ነበሩ። እነሱ ቀድመው በዚችው እጅ ተከራክረው ኖሯል።

ጨዋታው

በካዚኖዎች ኦአሲስ ፖከር የሚባለው ነው። ካሪቢያን ስተድ የሚባለው የካዚኖ ፖከር ዘመድ ነው። ተጫዋቹ የሚገጥመው ሌላ ተጫዋች ሳይሆን ቤቱን፣ ማለትም ካዚኖውን ነው። መጀመሪያ መነሻ ያስይዛል። እኛ ለሒሳቡ እንዲመቸን 100 ብር አልነው። ከዚያ እሱም አከፋፋዩም አምስት አምስት ካርታ ይይዛሉ። ከአከፋፋዩ ካርታዎች አንዷ ብቻ ተገልጣ ትታያለች።

አሁን ተራው የተጫዋቹ ነው። እጁ ካላማረው ይተዋል፤ መነሻው 100 ብር ይበላል። ከቀጠለ የመነሻውን እጥፍ፣ 200 ብር፣ ይጨምራል። ከካሪቢያን ስተድ የሚለየው እዚህ መሃል ላይ ነው። ተጫዋቹ ከመወሰኑ በፊት ካርታ መለወጥ ይችላል። በነጻ ግን አይደለም። አንዲት ካርታ ለመለወጥ አንድ መነሻ፣ ማለትም ሌላ 100 ብር ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም አይመለስም።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ ሒሳቡን የሚወስነውም እሱ ነው። አከፋፋዩ ለመወዳደር ቢያንስ አስና ኪንግ፣ ወይም ጥንድና ከዚያ በላይ መያዝ አለበት፤ ከያዘ “ሞላለት” እንላለን። ካልያዘ ለመነሻው 100 ብር ይከፍላል፤ የ200 ብሩ ጭማሪ ግን ያለ ትርፍ ይመለሳል። አከፋፋዩ ሞልቶለት ተጫዋቹ ከበለጠው፣ ጭማሪው እንደ እጁ ዓይነት ይከፈላል። ለአንድ ጥንድ እኩል በእኩል ነው። ለሁለት ጥንድ 2 እጥፍ፣ ለሦስት ተመሳሳይ ካርታ 3 እጥፍ፣ በተከታታይ ለተደረደሩ አምስት ካርታዎች፣ ለስትሬት፣ 4 እጥፍ ይከፈላል። አምስቱም የአንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ፍለሽ ማለት ነው፣ 5 እጥፍ። ከዚያ በላይ ያሉት ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልጉንም።

እጇ

የልጁ ካርታዎች እነዚህ ነበሩ፦ የልብ ኩዊን፣ የልብ 9፣ የልብ 6፣ የልብ 2፣ እና የአበባ 4። የአከፋፋዩ የምትታየው ካርታ የዳይመንድ 8 ነበረች።

አራት ልብ ማለት ነው። አምስተኛ ልብ ብትመጣ ፍለሽ ይሆናል። የአበባ 4ን ጣለ፤ 100 ከፈለ። የመጣችው የስፔድ 5 ነበረች። ተወው። መነሻውም የመለወጫውም ሄደ፤ 200 ነጥብ በአንዲት እጅ።

አንዱ ጓደኛው “አንዲት ካርታ ብቻ ነበር የቀረችህ፣ አለመለወጥ ሞኝነት ነው” ይላል። ሌላው ደግሞ “ከአምስት አንዴ ለምትመጣ ካርታ 100 ብር ትከፍላለህ እንዴ? ቶሎ ትቶ መውጣት ነበር” ይላል። ባለ እጁ ራሱ ወደ ሁለተኛው አዘንብሎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከስሯል። የከሰረ ሰው ውሳኔውን የሚመዝነው በደረሰበት ነገር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት የስፔድ 5ቷን እንዲረሳት ነው። ካርታዋ ከመገለጧ በፊት ምን ያውቅ ነበር? የሚፈረደው በዚያ ብቻ ነው።

ቆጠራው

ልጁ ዕድሉን ሲያሰላ “አራት ዓይነት ካርታ አለ፣ ስለዚህ ከ4 አንድ፣ 25 በመቶ” ብሎ ነበር። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ካርታዎቹ ሁሉ ገና ባይነኩ ኖሮ ልክ ነበር። ነገር ግን አራቱ ልቦች እሱ እጅ ላይ ናቸው። እነሱ ተመልሰው አይመጡለትም።

ቆጠራው እንዲህ ነው። በአንድ ሙሉ የካርታ ክምር ውስጥ 52 ካርታ አለ። እሱ የሚያያቸው 6 ናቸው፤ የራሱ 5ና የአከፋፋዩ 8። ያልታዩት 46 ናቸው። ከ13 ልቦች 4ቱ እሱ ጋ ስለሆኑ የቀሩት 9 ናቸው። ስለዚህ ዕድሉ 9 ለ46 ነው፤ 19.6 በመቶ። ከአምስት አንዴ ያለው ጓደኛው እዚህ ላይ ልክ ነው።

“የአከፋፋዩን አራት የተደፉ ካርታዎችስ? ልቦቹ እዚያ ቢሆኑስ?” ብሎ ጠየቀ ሌላው። ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አናያቸውም። ያላየናት ካርታ አከፋፋዩ እጅ ላይ ትሁን ወይም ክምሩ ውስጥ፣ ለእኛ ሒሳብ ልዩነት የላትም። ከ46ቱ አንዷ ናት። የምትቀነሰው የታየች ካርታ ብቻ ናት። ለዚህ ነው የዳይመንድ 8 የምትቆጠረው። ያቺ የታየች ካርታ ልብ ብትሆን ኖሮ ደግሞ የሚቀሩት 8 ልቦች ይሆኑና ዕድሉ ወደ 17.4 በመቶ ይወርድ ነበር። ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር በሚደረገው ፖከር ማንም ካርታውን ስለማያሳይ ቁጥሩ 9 ለ47 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን እያዩ መቁጠር ልማድ ሲሆን ሌላ ቦታም ይጠቅማል።

ዋጋው

ዕድሉን ማወቅ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ከአምስት አንዴ የምትመጣ ካርታ ውድ ናት ወይስ ርካሽ? የሚወስነው ስትመጣ የምታመጣው ገንዘብ ነው።

ፍለሽ ሠራ እንበል። 200 ይጨምራል። አከፋፋዩ 8 ገልጦ ሳለ የመሙላት ዕድሉ 57 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 51 ያህሉ ጥንድና ከዚያ በላይ ስለሚይዝ ነው። አስና ኪንግ ብቻ የሚይዝበት ከ6 በመቶ ያንሳል፤ ስትሬትና ፍለሽ ጥቂት ሽርፍራፊ ይጨምራሉ። ከሞላለት ልጁ ለመነሻው 100፣ ለጭማሪው 1,000፣ በድምሩ 1,100 ያገኛል። በቀረው 43 በመቶ ግን ያ ሁሉ ፍለሽ 100 ብር ብቻ ያመጣል። ይህ ብዙ ተጫዋች የሚዘነጋው ነገር ነው። ጥሩ እጅ ይዘህ አከፋፋዩ ባዶ ከሆነ፣ እጅህ ባከነ። ሁለቱን አመዛዝነን፣ አከፋፋዩ አልፎ አልፎ ከፍለሹ የሚበልጥ እጅ የሚይዝበትንም ቀንሰን፣ አንድ ፍለሽ በአማካይ 660 ብር ገደማ ያመጣል።

ልብ ባይመጣስ? እዚህ ጋ ሦስቱም “በቃ ተቃጠለ” ብለው ነበር። አይደለም። ኩዊን ልትመጣ ትችላለች፤ ያኔ የኩዊን ጥንድ ይሆናል። 9 ብትመጣም የ9 ጥንድ ነው። ከ8 ፊት ለፊት እነዚህ ሁለቱ የሚያተርፉ እጆች ናቸው። የ6ና የ2 ጥንድ ያከስራሉ፤ ከመተው ግን ያነሰ ያከስራሉ። የእያንዳንዳቸውን አማካይ አስልቼ 46ቱን ካርታዎች በአንድ ገጽ ላይ ዘረዘርኳቸው። ቁጥሮቹ በቅርብ የተጠጋጉ ናቸው።

9 ልቦች፣ እያንዳንዳቸው 660 ብር ትርፍ። 5,940።
3 ኩዊኖች፣ 130 ብር ትርፍ። 390።
3 ዘጠኞች፣ 90 ብር ትርፍ። 270።
3 ስድስቶች፣ 45 ብር ኪሳራ። 135 ይቀነሳል።
3 ሁለቶች፣ 95 ብር ኪሳራ። 285 ይቀነሳል።
የቀሩት 25 ካርታዎች ምንም አይሠሩም። ይተዋል፤ መነሻው 100 ይበላል። 2,500 ይቀነሳል።

ሲደመር 3,680 ይቀራል። ለ46 ሲካፈል 80 ብር። ከዚህ ላይ የመለወጫው 100 ሲነሳ ውጤቱ 20 ብር ኪሳራ ነው።

እዚህ ላይ “ይኸው፣ አላልኩህም?” አለ ትተህ ውጣ ያለው ጓደኛ። 20 ብር የሚያከስር ነገር ምን ይሠራል?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። 20 ብር ኪሳራ ከምን ጋር ነው የሚወዳደረው? ከዜሮ ጋር አይደለም። ዜሮ ላይ የነበረው ካርታው ከመታደሉ በፊት ነው። መነሻው ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ በእጁ ያሉት ሦስት መንገዶች ብቻ ናቸው። ከተወ 100 ብር ይከስራል፤ ይህ እርግጥ ነው። ሳይለውጥ 200 ጨምሮ ከገፋ፣ እጁ ባዶ ስለሆነ አከፋፋዩ በሞላለት ቁጥር ልጁ 300 ይከስራል። ባልሞላለት ጊዜ 100 ያገኛል። በአማካይ 130 ብር ገደማ ኪሳራ። ከለወጠ በአማካይ 20 ብር። ሦስቱም ያከስራሉ። መለወጥ ከመተው በ80 ብር ይሻላል።

ስለዚህ ልጁ ልክ ነበር። የስፔድ 5 መጣችም አልመጣችም ልክ ነበር። ይህን ስነግረው ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ግን ወዲያው ጨመርኩለት፦ ልክ መሆን ማትረፍ አይደለም። በዚያች እጅ ላይ ከሁሉ የተሻለው ውሳኔ ራሱ የሚያከስር ውሳኔ ነው።

በካርታ ስንፈትነው

አላመነም። ደግ አደረገ። ሒሳብ በአስተማሪ ቃል ብቻ መታመን የለበትም። ካርታ ነበረውና አወጣ። ስድስቱን የታወቁ ካርታዎች ለይተን አስቀመጥን። 46ቱን እየበወዘ የላይኛዋን ይገልጣል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ይበውዛል።

መጀመሪያ ላይ ልብ የሚባል ነገር ጠፋ። ጓደኞቹ ሳቁ። ይህም ሒሳብ አለው። ልብ የማትመጣበት ዕድል በአንድ ሙከራ 37 ለ46 ነው። በ10 ተከታታይ ሙከራ አንድም ልብ ያለመምጣቷ ዕድል 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብርቅ አይደለም። ከዘጠኝ ሰዎች አንዱ የሚገጥመው ነገር ነው። ያ አንዱ ሰው ግን “ጨዋታው ተጭበርብሯል” ወይም “ዛሬ ቀኔ አይደለም” ማለቱ አይቀርም። አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒውን ያስባል፤ “ይሄን ያህል ከጠፋች አሁን መምጣቷ ነው” ብሎ ይጨምራል። ካርታው ከተበወዘ ያለፈውን አያስታውስም። የሚቀጥለውም ያው 9 ለ46 ነው።

እየበወዘ ሲቀጥል ልቦቹ መምጣት ጀመሩ፤ ቁጥሩም ወደ ከአምስት አንድ እየተጠጋ ሄደ። ሻያችን ቀዝቅዞ ነበር።

“እንግዲያው ሁሌ ልለውጥ?”

ይህን መጠየቁ አይቀርም ነበር። አይደለም። “አንዲት ካርታ ቀረችኝ” የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የምትቀረው አንዲት ናት፤ ግን የምትሞላዋ ካርታ ስንት ቦታ አለች?

ሌላ እጅ ሰጠሁት፦ 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና አንድ የማትረባ ጃክ፤ ዓይነታቸው የተደባለቀ። አከፋፋዩ አሁንም 8 አለው። 5 ብትመጣ ስትሬት ይሆናል። 5 ግን በካርታው ውስጥ አራት ብቻ ናት። 4 ለ46፣ 8.7 በመቶ። ክፍያውም ከፍለሽ ያንሳል፤ 4 እጥፍ ነው። ጥንድ ቢሠራ እንኳ የ3፣ የ4፣ የ6 ወይም የ7 ጥንድ ነው፤ ሁሉም ከአከፋፋዩ 8 በታች። አስልተን ስንጨርስ መለወጥ 130 ብር ገደማ የሚያከስር ሆኖ ተገኘ። መተው ግን 100 ብቻ። እዚህ ላይ ትተህ ውጣ ያለው ጓደኛ ልክ ነው።

ሁለቱም እጆች “አንዲት ካርታ ቀረኝ” የሚባሉ ናቸው። አንዱ ላይ መክፈል 80 ብር ያድናል፣ ሌላው ላይ 30 ብር ተጨማሪ ያስበላል። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት፣ ማለትም 8 ካርታ የምትጠብቅለት፣ መሃል ላይ ይወድቃል፤ ከመተው ይሻላል፣ እንደ ፍለሹ ግን አይደለም።

ወደ ገንዘቡ መግባት

አሁን ወደ መጣበት ነገር። ልጁ እንዲህ አሰበ፦ “በደንብ ካሰላሁ እበላለሁ ማለት ነው።” ይህን ሐሳብ ዝም ብዬ ላሳልፈው አልፈለግሁም።

መለወጥ የሌለበት ካሪቢያን ስተድ ላይ፣ ምንም ሳይሳሳት ለሚጫወት ሰው እንኳ፣ የቤቱ ድርሻ የመነሻው 5.22 በመቶ ነው። በ100 ብር መነሻ በእያንዳንዷ እጅ 5 ብር ከ22 ሳንቲም ማለት ነው። መለወጥ ሲጨመርበት፣ አሁንም ምንም ስህተት ሳይሠራ፣ ድርሻው ወደ 1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ትልቅ ልዩነት ነው። በሰዓት 60 እጅ ቢጫወት፣ በመጀመሪያው 313 ብር፣ በሁለተኛው 60 ብር ገደማ በአማካይ ይከስራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ያደረሰው ልክ እንደዛሬው ያለ ሒሳብ ነው። ግን ከዜሮ በላይ አልወጣም። አይወጣምም። የክፍያ ሰንጠረዡን የጻፈው ቤቱ ነው።

ደግሞም ያ 1 በመቶ የሚገኘው በየእጁ ከመለወጥ፣ ከመተውና ከመግፋት ትክክለኛውን ለሚመርጥ ሰው ነው። እኛ ለአንዲት እጅ ብቻ ሙሉ ከሰዓት ፈጅተናል። ስልኩ የሚሰጠው ጥቂት ሰከንድ ነው። መነሻ 100፣ መለወጫ 100፣ ጭማሪ 200፤ አንዲት እጅ 400 ብር ልትበላ ትችላለች። ይህ ባጃጅ ለሚነዳ ልጅ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ሐሳቤን ሳልሸፍን ነገርኩት፦ በነጻ ነጥቡ ተጫወት፣ ሒሳቡን ውደደው፣ ገንዘብህን ግን አታስገባ። አንገቱን ነቀነቀ። “አስብበታለሁ” አለ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ

ልንነሳ ስንል ራሱ ያመጣት እጅ ግን ከሁሉም በላይ ደስ አሰኘችኝ። “ቲቸር፣ የአበባ 4ቷ የአበባ 9 ብትሆንስ?” አለ። አራቱ ልቦች እንዳሉ ናቸው፤ አሁን ግን የ9 ጥንድም አለው። ጥንዱን ሰብሮ ልብ ይፈልግ ወይስ ጥንዱን ይዞ ይግፋ?

እሱ መስበሩን መረጠ። የለመደው ፍለሹን ስለሆነ። ወረቀቱን ለእሱ ሰጠሁትና ራሱ እንዲሠራው አደረግሁ። ከሰበረ፣ የሚያገኛቸው ልቦች ያው 9 ናቸው። የሚጠብቁት ዘጠኞች ግን ከ3 ወደ 2 ወርደዋል። ውጤቱ ከ20 ብር ትንሽ የሚበልጥ ኪሳራ ነው። ሳይሰብር ከገፋስ? መለወጫ የለም። አከፋፋዩ ካልሞላለት 100 ያገኛል። ሞልቶለት ከ9 በታች ጥንድ ወይም አስና ኪንግ ብቻ ከያዘ 300 ያገኛል። ከ9 በላይ ጥንድ ወይም ከዚያ የተሻለ እጅ የሚይዝበት ከአምስት አንዴ ያህል ነው፤ ያኔ 300 ይከስራል። በአማካይ 90 ብር ገደማ ትርፍ።

በአራትና በዘጠኝ መካከል ያለችው ልዩነት ውሳኔውን ገለበጠችው። ልጁ ቁጥሮቹን ደግሞ ደመራቸው፤ አልተሳሳተም። ከዚያ አከፋፋዩ በ8 ፋንታ አስ ቢገልጥ ምን እንደሚሆን ለማስላት ገጹን ገለበጠ።